የወላጆቻችን የሜዲኬር ወጪ ምን ነካው? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ቡና ሲቀርብ፣ አንድ እናት ከነጠላቸው ስር የታጠፈ ፖስታ ያወጣሉ። «ልጄ፣ እስቲ ይቺን እያት፤ ምን ትላለች?» ይሉኛል። ፖስታው አንዳንዴ ከመጣ ሦስት ወር አልፎታል። አንዳንዴም ጭራሽ አልተከፈተም። የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው። ስለ ሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት በዋናነት 65 ዓመት ለሞላው ሰው ስለሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ የሚመጡ እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎችን ማንበብ ከጀመርኩ ዓመታት ሆነኝ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ኢንሹራንስም አልሸጥም። ግን ጥያቄዎቹ ተመሳሳይ ስለሆኑ አንድ ቦታ ላሰባስባቸው ብዬ ነው።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት የአሜሪካ የጤና ኢንሹራንስ ሕግ ሁለት ጊዜ በትልቁ ተቀይሯል። በ2022 የወጣው ሕግ የመድኃኒት ወጪን ቀነሰ። ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ደግሞ ብዙ ስደተኞችን ከሽፋን አስወጣ። አንድ አዛውንት ከሁለቱ የትኛው እንደሚነካቸው የሚወስነው የሕመማቸው ክብደት አይደለም። በምን ወረቀት እንደገቡ፣ ስንት ዓመት እንደሠሩ፣ ደብዳቤውን በጊዜ መክፈት አለመክፈታቸው ነው የሚወስነው። ይሄ ያንገበግበኛል።

ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሌላ ዓመት ካልጠቀስኩ የብሩ መጠን የ2026 ነው።

ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) ጨመረ ተባለ። የእናቴ አካውንት ላይ ግን ጭማሪው አይታይም። የት ሄደ?

አብዛኛው ወደ ፓርት ቢ ሄዷል። ፓርት ቢ ማለት ሐኪም ቤት ለመታየት፣ ለላብራቶሪ፣ ለራጅ የሚከፍለው የሜዲኬር ክፍል ነው። ወርሃዊ ክፍያው ከሶሻል ሴኩሪቲው ላይ በቀጥታ ይቆረጣል። በ2025 ወሩ 185 ዶላር ነበር። በ2026 ወደ 202 ዶላር ከ90 ሳንቲም ወጣ። 17 ዶላር ከ90 ሳንቲም ጨመረ ማለት ነው።

እስቲ እናስላው። የ2026 የሶሻል ሴኩሪቲ ጭማሪ 2.8 በመቶ ነው። በወር 900 ዶላር የሚያገኙ እናት 25 ዶላር ገደማ ተጨመረላቸው። ከዚያ ላይ 17.90 ሲነሳ የሚተርፋቸው ሰባት ዶላር ነው። አንድ ጥቅል እንጀራ እንኳ በወጉ አይገዛም።

ገቢው ትንሽ ለሆነ ሰው ይሄን ወርሃዊ ክፍያ ስቴቱ የሚከፍልበት መንገድ አለ። ከታች እመለስበታለሁ፤ እባካችሁ ሳታነቡት አትለፉ።

ፓርት ኤ፣ ፓርት ቢ፣ ፓርት ዲ ሲሉ ይምታታብኛል።

ፓርት ኤ ሆስፒታል መተኛት ነው። እሳቸው ወይም ባለቤታቸው አሜሪካ ውስጥ አሥር ዓመት ሠርተው ታክስ ከከፈሉ፣ ለፓርት ኤ ወርሃዊ ክፍያ የለም። ሲተኙ ግን መጀመሪያ 1,736 ዶላር ከኪስ ይወጣል። ፓርት ቢ ከላይ ያልኩት ነው። በዓመት የመጀመሪያውን 283 ዶላር ራሳቸው ይከፍላሉ፤ ከዚያ በኋላ ከሂሳቡ 20 በመቶው የእሳቸው ነው። ለዚህ 20 በመቶ ጣሪያ የለውም። ፓርት ዲ መድኃኒት ነው፤ በግል ኩባንያዎች በኩል የሚገዛ።

መድኃኒት ረክሷል የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ እውነት ነው። ከሁሉም ለውጥ ውስጥ ደስ ብሎኝ የምናገረው ይሄን ነው።

እናቴን በ2023 አንድ ጠዋት ኩሽና ውስጥ አገኘኋት። የሽንኩርት መክተፊያው ላይ የደም ማቅጠኛ ክኒኗን ደርድራ በቢላ ለሁለት ትሰብራለች። መክተፊያው ላይ የክኒን ዱቄት ቀርቷል። እሱንም በጣቷ ጫፍ እየለቀመች ነበር። «ወሩን እንዲያደርሰኝ ብዬ ነው» አለችኝ። ስትሮክ እንዳይመታት የተሰጣትን መድኃኒት ነው በግማሽ የምትወስደው። ዋጋውን ፋርማሲ ሰምታ ደንግጣለች። እኔን እንዳታስቸግረኝ ብላ ደግሞ አልነገረችኝም።

ያኔ በዓመት ከኪስ የሚወጣው የመድኃኒት ወጪ ጣሪያ አልነበረውም። ኦገስት 2022 የተፈረመው ሕግ ይሄን ደረጃ በደረጃ ቀየረው። በ2023 ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ ተደረገ። በዚያው ዓመት ለአዋቂዎች የሚመከሩ ክትባቶች በፓርት ዲ ነጻ ሆኑ። የአልማዝ ባለጭራ ክትባትም አለበት፤ ወላጆቻችሁን አስከትቡ። ያ ሕመም የያዘው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው። በ2025 ደግሞ ትልቁ ለውጥ መጣ። በፓርት ዲ ለመድኃኒት በዓመት ከኪስ የሚወጣው ከ2,000 ዶላር እንዳይበልጥ ተገደበ። በ2026 ጣሪያው 2,100 ዶላር ነው። እዚያ ከደረሱ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ለተሸፈነው መድኃኒት ምንም አይከፍሉም።

በ2026 ሌላም ተጨመረ። መንግሥት ከመድኃኒት አምራቾች ጋር ተደራድሮ የአሥር መድኃኒቶችን ዋጋ አስቀነሰ። ከአሥሩ ውስጥ ብዙዎቹ እኛ ቤት የሚታወቁ ናቸው። የስኳር መድኃኒት ጃኑቪያ ለአንድ ወር 527 ዶላር የነበረው 113 ሆነ። የደም ማቅጠኛው ኤሊኩዊስ ከ521 ወደ 231 ወረደ። ጃርዲያንስ ከ573 ወደ 197። ልብ በሉ፣ ይሄ የመድኃኒቱ ሙሉ ዋጋ ነው። ከዚያ ውስጥ የእናንተ ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚወስነው የያዛችሁት ፕላን ነው።

ሁለት ነገር ግን አትርሱ። ጣሪያው የሚሠራው ፕላኑ ዝርዝር ውስጥ ላለ መድኃኒት ብቻ ነው። ዝርዝር ውስጥ የሌለ መድኃኒት ከገዙ አይቆጠርላቸውም። ክሊኒክ ውስጥ በደም ስር የሚሰጥ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ብዙው የካንሰር ሕክምና፣ በፓርት ቢ ስለሚሄድ እሱም እዚህ ውስጥ አይገባም።

ታዲያ አባቴ ጃንዋሪ ላይ ፋርማሲ ሲሄድ ለምን ያን ያህል ጠየቁት?

ዓመቱ አዲስ ሲሆን ቆጣሪው ከዜሮ ስለሚጀምር ነው። ብዙ ፕላኖች መክፈል ከመጀመራቸው በፊት እስከ 615 ዶላር ድረስ ከእናንተ ኪስ ያስወጣሉ። ስለዚህ ዲሴምበር ላይ በነጻ የወሰደውን ክኒን ጃንዋሪ ላይ በብዙ መቶ ዶላር ሊጠይቁት ይችላሉ። የተሳሳተ ነገር የለም።

መፍትሔ አለው። ከ2025 ጀምሮ ፓርት ዲ ያለው ሁሉ የዓመቱን የመድኃኒት ወጪ በየወሩ ከፋፍሎ የመክፈል መብት አለው። ወለድ የለውም። ፋርማሲው ላይ ምንም ሳይከፍሉ ይወጣሉ፤ ሂሳቡ ከፕላኑ በየወሩ ይመጣል። ግን በራሱ አይጀምርም። ለፕላኑ ደውላችሁ «ወጪውን በወር በወር መክፈል እፈልጋለሁ» ማለት አለባችሁ። ገና በዓመቱ መጀመሪያ ሲጠየቅ ይሻላል። ኖቬምበር ላይ መጠየቅ ብዙም አይጠቅምም፤ የሚከፋፈልበት ወር አልቋልና።

እናቴን በግሪን ካርድ አመጣኋት። 68 ዓመቷ ነው። ሜዲኬር ታገኛለች?

ወዲያው አታገኝም። እሷ ወይም ባሏ አሜሪካ ውስጥ አሥር ዓመት ካልሠሩ፣ ሜዲኬርን በገንዘብ ለመግዛት እንኳ በቋሚ ነዋሪነት አምስት ዓመት ሳታቋርጥ መኖር አለባት። ገቢው ትንሽ ለሆነ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ሜዲኬይድም፣ በአብዛኛው ስቴት አምስት ዓመት ያስጠብቃል።

በዚህ መሃል ያለው ጊዜ ነው የሚያስጨንቀው። እስከ 2025 ድረስ አንድ ቀዳዳ ነበር። ኦባማ ኬር የምንለው ገበያ፣ በሕጋዊ መንገድ የገባና በወረቀቱ ምክንያት ሜዲኬይድ የተከለከለ ሰው ገቢው ዜሮ ቢሆንም እንኳ በመንግሥት ድጎማ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ይፈቅድ ነበር። ስንቱ ወላጅ በዚህ ታከመ! ዓይኗን ሞራ ያስገፈፈች አለች። ደም ግፊቱን በጊዜ ያወቀ አለ። የ2025 ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ይሄን ዘጋው። አሁን ድጎማ ለማግኘት የቤተሰቡ ገቢ ከድህነት መስመር ማነስ የለበትም። ገቢ የሌላቸው ወላጆች በራሳቸው ስም ካመለከቱ አያገኙም።

«የቤተሰቡ ገቢ» የሚለው ላይ ግን ቁሙ። ወላጆቻችሁን ታክስ ስትሠሩ ዲፔንደንት (በእናንተ የሚተዳደር ሰው) አድርጋችሁ የምታስገቡ ከሆነ፣ የሚታየው የእናንተ ገቢ ነው። ለዚህ ከግማሽ በላይ ወጪያቸውን እናንተ መሸፈን አለባችሁ፤ የራሳቸው ገቢም በጣም ትንሽ መሆን አለበት። አብዛኞቻችን ቤት ሁኔታው እንዲሁ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች፣ ሁለት አያቶች። ስድስት ሰው። ለ2026 ሽፋን ለስድስት ሰው የድህነት መስመሩ 43,150 ዶላር ነው። የቤቱ ገቢ ከዚያ እስከ 172,600 ዶላር ድረስ ከሆነ፣ አያቶቹ ድጎማ የማግኘት ዕድል አላቸው። የቀረው የቤቱ ሰው ከሥራ ቦታ ኢንሹራንስ ቢኖረውም፣ የሥራ ቦታው ወላጆችን ካላስገባ ለእነሱ ብቻ መግዛት ይቻላል። ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ፎርሙ ከመላኩ በፊት በዚህ ነገር አናግሩት።

ይሄም ካልሆነ ሆስፒታል ከመሄድ አትከልክሏቸው። ድንገተኛ ክፍል የመጣን ሰው አደጋው እስኪያልፍ ማከም የሆስፒታሉ ሕጋዊ ግዴታ ነው። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች ደግሞ የመክፈል አቅም ለሌለው ሰው የሚረዱበትን ደንብ በጽሑፍ እንዲያዘጋጁ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ቢል ሲመጣ ከመክፈላችሁም ከመደበቃችሁም በፊት «ፋይናንሻል አሲስታንስ» ብላችሁ ፎርሙን ጠይቁ። አንድ ቤተሰብ ለአባታቸው ሕክምና የመጣውን ቢል በክሬዲት ካርድ ከፍሎ ጨረሰ። ፎርሙን ያወቁት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ለዘወትር ክትትል ደግሞ በገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች በየከተማው አሉ።

አምስት ዓመቱ ሲሞላስ? ስንት ይከፈላል?

የሥራ ክሬዲት (ታክስ ተከፍሎበት ለተሠራ ሥራ የሚሰጥ ነጥብ) ከሌላት፣ ለፓርት ኤ በወር 565 ዶላር፣ ለፓርት ቢ 202.90 ዶላር። በድምሩ ወደ 768 ዶላር ለአንድ ሰው። ከ30 እስከ 39 ክሬዲት ካላት የፓርት ኤው ወደ 311 ይወርዳል። 40 ከሞላ፣ ማለትም አሥር ዓመት ከተሠራ፣ ነጻ ነው።

ስለዚህ የክሬዲቱን ነገር ጠበቅ አድርጉት። በ2026 አንድ ክሬዲት የሚገኘው 1,890 ዶላር ሲሠራ ነው። በዓመት ከአራት በላይ አይሰጥም። ማለትም በዓመት 7,560 ዶላር ታክስ የተከፈለበት ሥራ የሠራ ሰው የዓመቱን ሞላ። ገና ጉልበት ያላቸው አዛውንቶች በሳምንት ጥቂት ቀን ሆም ኬር ወይም ፓርኪንግ ሲሠሩ የሚያጠራቅሙት ይሄን ነው። ታክስ ሳይከፈልበት በካሽ የተሠራ አይቆጠርም። የልጅ ልጅ ሲጠብቁ የዋሉበት ዓመትም አይቆጠርም። አገር ቤት የተሠራውም እንዲሁ፤ አሜሪካና ኢትዮጵያ የሥራ ዘመን የሚደማመርበት ስምምነት የላቸውም። ደብረ ብርሃን 34 ዓመት ያስተማሩ መምህር እዚህ ሲመጡ ክሬዲታቸው ዜሮ ነው። ይሄን ለአንድ አባት መንገር ከባድ ነው። ነግሬያለሁ፤ ዝም ብለው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

የባል ክሬዲት ለሚስት፣ የሚስትም ለባል ይሠራል። አባት ሠርቶ 40 ካጠናቀቀ እናት 65 ሲሞላት በእሱ ፓርት ኤን በነጻ ታገኛለች። እሱ 62 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ በጋብቻ ደግሞ ቢያንስ አንድ ዓመት የቆዩ መሆን አለባቸው።

አምስት ዓመቱ የሞላበትን ወር ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ወር ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ሦስት ወር ዘግይቶ የመመዝገቢያ ጊዜ አለ። ያ ካለፈ ፓርት ቢ ላይ በየአሥራ ሁለት ወሩ መዘግየት 10 በመቶ ቅጣት ይጨመራል። ቅጣቱ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም፤ ፓርት ቢ እስካለ ድረስ አብሮ ይኖራል።

ሜዲኬይድም ከአምስት ዓመት በኋላ ሊገኝ ይችላል። ግን ስፖንሰር ያደረገው ልጅ ገቢ እንደ እናትየው ገቢ ተቆጥሮ ሊያስከለክላት ይችላል። ዜግነት ስታገኝ ይሄ ይቀራል።

በጥገኝነት ነው ያለሁት። ግሪን ካርድ ገና አላገኘሁም። ሜዲኬሬ ይቋረጣል?

ይሄን ጥያቄ ሳልሸፋፍን ልመልሰው። የ2025 ሕግ ሜዲኬርን ለዜጎች፣ ለግሪን ካርድ ባለቤቶችና ከኩባ፣ ከሄይቲና ከጥቂት የፓሲፊክ ደሴቶች ለመጡ የተወሰኑ ሰዎች ብቻ አደረገው። ጥገኝነት ያገኘ፣ ስደተኛ ሆኖ የገባ፣ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ) ያለው ሰው ከዝርዝሩ ወጥቷል። ሃያ ዓመት ሠርቶ የሜዲኬር ታክስ ከደመወዙ ሲቆረጥ የኖረ ቢሆንም እንኳ። ይሄ ፍትሕ ነው ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም።

ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ሜዲኬር ውስጥ የነበሩት እስከ ጃንዋሪ 4 ቀን 2027 ድረስ ጊዜ አላቸው። ሜዲኬይድ ላይ ያሉት ጊዜያቸው ያጠረ ነው፤ ኦክቶበር 1 ቀን 2026። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ከአንድ ዓመት በኋላ ግሪን ካርድ ማመልከት ይችላል። «ምን ያስቸኩለኛል» ብለው ዓመታት ያቆዩት አሉ። አሁን ያስቸኩላል። ዛሬውኑ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ተነጋገሩ። ከሶሻል ሴኩሪቲ የሚመጣ ደብዳቤ ካለ ደግሞ በዚያው ቀን ይከፈት።

62 ዓመቴ ነው። ታክሲ ነው የምነዳው። የኢንሹራንሴ ዋጋ ሰማይ ነካ። ለምን?

በሁሉም ለውጥ ውስጥ በጣም የተመቱት እናንተ ናችሁ ብል አላጋነንኩም። ሜዲኬር ገና ነው፤ ከሥራ ቦታ የሚመጣ ኢንሹራንስ የለም። ኩባንያዎቹ ደግሞ በአብዛኛው ስቴት ለ64 ዓመት ሰው ከ21 ዓመት ወጣት እስከ ሦስት እጥፍ ማስከፈል ይችላሉ።

ከ2021 እስከ 2025 ድረስ ኦባማ ኬር ላይ ከፍ ያለ ድጎማ ነበር። ማንም ሰው ለመካከለኛ ፕላን ከገቢው ከ8.5 በመቶ በላይ አይከፍልም ነበር። ያ ድጎማ በ2025 መጨረሻ አበቃ። የድሮው ገደል ተመልሶ መጣ። ለአንድ ሰው ገደሉ 62,600 ዶላር የዓመት ገቢ ነው፤ ለባልና ሚስት 84,600። ከዚያ በአንድ ዶላር ካለፋችሁ ድጎማው እንዳለ ይቀራል።

62,000 ዶላር የሚያገኝ ሾፌር በ2025 ለመካከለኛ ፕላን በወር ቢበዛ 439 ዶላር ገደማ ይከፍል ነበር። በ2026 ወደ 515 ገደማ ወጣ። ከባድ ነው፤ ግን ይቻላል። ገቢው 63,000 ከሆነ ግን ሙሉውን ይከፍላል። በዚህ ዕድሜ ሙሉው ዋጋ በብዙ ቦታ በወር ከ1,000 ዶላር ያልፋል።

አንድ ነገር ደግሞ ተባብሷል። ድሮ ዓመቱን ሙሉ ድጎማ ወስዶ ገቢው ከገመተው በላይ የሆነ ሰው የሚመልሰው ገንዘብ ለብዙዎች ገደብ ነበረው። ከ2026 ታክስ ጀምሮ ገደቡ ተነስቷል። ሙሉውን ይመልሳል። ስለዚህ ዲሴምበር ላይ ሥራ ስለበዛ ብቻ የዓመቱን ድጎማ መመለስ ሊመጣ ይችላል።

ምን ይደረግ? የሚታየው ከወጪ የተረፈው ገቢ ነው። የነዳጅ፣ የጥገና፣ የመኪና ኢንሹራንስ ደረሰኛችሁን አትጣሉ፤ ማይሉን መዝግቡ። ወደ ገደሉ ከተጠጋችሁ የጡረታ ቁጠባ ውስጥ የምታስገቡት ገንዘብ ገቢውን ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ገቢያችሁ በዓመቱ መሃል ሲቀየር ገበያው ላይ ገብታችሁ አስተካክሉ። ሜሪላንድና ካሊፎርኒያን የመሳሰሉ ስቴቶች ደግሞ በራሳቸው ገንዘብ ከፊሉን ለመተካት ሞክረዋል፤ የስቴታችሁን ገበያ ጠይቁ።

«ጥርስ በነጻ፣ መነጽር በነጻ» የሚሉት ፕላኖች ይሻላሉ?

አድቫንቴጅ የሚባሉት፣ በግል ኩባንያዎች በኩል የሚሰጡ የሜዲኬር ፕላኖች ናቸው። ለአንዳንዱ ጥሩ ናቸው። በዓመት ከኪስ የሚወጣው ጣሪያ አለው፤ በ2026 በኔትወርካቸው ውስጥ ከ9,250 ዶላር መብለጥ አይችልም። ግን የራሳቸው ሐኪሞች ዝርዝር አላቸው፤ ለብዙ ነገር አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃሉ። እናታችሁ አማርኛ የሚናገር ሐኪም ለምዳ ከሆነ፣ እሱ ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትፈርሙ። ዝርዝሩም ሽፋኑም በየዓመቱ ይቀየራል። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ የሚመጣው ወፍራም ፖስታ የሚናገረው ይሄንኑ ነው። መቀየሪያው ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው።

ሌላው አማራጭ ከተለመደው ሜዲኬር ጋር ሜዲጋፕ የሚባለውን ተጨማሪ ኢንሹራንስ መግዛት ነው። ፓርት ቢ ላይ የእናንተ የሆነውን ያን 20 በመቶ ይሸፍናል። ፓርት ቢ ከጀመረ በስድስት ወር ውስጥ ከሆነ ሕመም አለብህ ብለው ሊከለክሉ አይችሉም። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ስቴት ይችላሉ።

እናቴ አዲስ አበባ ሄዳ ብትታመም ሜዲኬር ይከፍላል?

በጥቅሉ አይከፍልም። አንዳንድ የሜዲጋፕ ፕላኖች፣ ለምሳሌ ጂ እና ኤን፣ በጉዞው የመጀመሪያ 60 ቀናት ለሚያጋጥም ድንገተኛ ሕመም ከ250 ዶላር በኋላ 80 በመቶውን ይሸፍናሉ፤ በዕድሜ ልክ እስከ 50,000 ዶላር። እሱ ከሌላት የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙላት። ለወራት ከምትቆይ ደግሞ «እዚያ ካልሠራልኝ ለምን እከፍላለሁ» ብላ ፓርት ቢን እንዳትሰርዝ፤ ስትመለስ ቅጣቱ ይጠብቃታል። ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ትንሽ ለሆነ አዛውንቶችና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ ወርሃዊ ድጎማ) የምታገኝ ከሆነ ከአገር ወጥታ 30 ቀን ስትቆይ ክፍያው ይቆማል። ብዙ እናቶች ለልቅሶ ሄደው ይሄ ገጥሟቸዋል።

ገቢው ትንሽ ለሆነ ሰው ምን እርዳታ አለ?

ሁለት ነገር። አንደኛው ኤክስትራ ሄልፕ ነው፤ ለመድኃኒት። ከ2024 ጀምሮ ሙሉው እርዳታ ለብዙ ሰው ተከፍቷል። ለብቻው የሚኖርና የዓመት ገቢው ከ23,000 ዶላር የማይበልጥ ሰው ቢያመለክት ጥሩ ነው። ቁጠባም ይታያል፤ የሚኖሩበት ቤትና አንድ መኪና ግን አይቆጠሩም። ያገኘ ሰው ለአንድ መድኃኒት ቢበዛ 5.10 ወይም 12.65 ዶላር ነው የሚከፍለው።

ሁለተኛው የሜዲኬር ሴቪንግስ ፕሮግራም ይባላል። ስቴቱ የፓርት ቢን 202.90 ይከፍላል። በዓመት ከ2,400 ዶላር በላይ ማለት ነው። ይሄን ያገኘ ሰው ኤክስትራ ሄልፕም በራሱ ይመጣለታል። ማመልከቻው የሚገባው ለስቴቱ የሜዲኬይድ ቢሮ ነው።

አንዳንድ አባቶች «ልመና ነው» ብለው እምቢ ይላሉ። የጠየቁት ሕጉ ለእነሱ ያስቀመጠውን ነው። አንድ አባት ሁለት ዓመት እምቢ ካሉ በኋላ አመለከቱ። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ክፍያ አካውንታቸው ሲገባ «ያለፈውን ማን ይመልስልኛል?» አሉ። ሁለቱ ዓመት ግን ቀልጦ ቀርቷል።

ደብዳቤውን የሚያነብልን፣ ስልኩን የሚደውልልን ከሌለስ?

ሜዲኬር 1-800-633-4227 ነው። ሌሊትም ይሠራል። አስተርጓሚ በነጻ ያቀርባሉ። ሰው ሲያነሳ «አምሃሪክ» ማለት ብቻ በቂ ነው፤ መስመር ላይ ጠብቁ ይሏችኋል፤ አትዝጉት። ሶሻል ሴኩሪቲ 1-800-772-1213 ነው፤ እዚያም አስተርጓሚ በነጻ አለ። በየስቴቱ ደግሞ ሺፕ የሚባል ነጻ የሜዲኬር ምክር አገልግሎት አለ። ምንም ስለማይሸጡ ማንንም ወደ አንድ ኩባንያ አይገፉም።

እናንተ ሳትደውሉ «ከሜዲኬር ነው» ብሎ የሚደውልና የካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው ሌባ ነው ብላችሁ ዝጉት። ለወላጆቻችሁም ንገሯቸው።

ስትደውሉ አዛውንቱ አጠገባችሁ ይሁኑ፤ ፈቃዳቸውን በድምፃቸው ይሰማሉ። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ያለበትን ካርድ፣ የመጨረሻውን ደብዳቤ፣ የክኒን ብልቃጦቹን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ አውጡ። የመድኃኒቱን ስም ከብልቃጡ ላይ ፊደል በፊደል አንብቡላቸው። ያነጋገራችሁን ሰው ስምና የደወላችሁበትን ቀን ፖስታው ጀርባ ላይ ጻፉ።

እኔ ዘንድ የሚመጡት ፖስታዎች ጀርባቸው ባዶ ነው። ከናንተ ጋር የሚመጣው ላይ ቢያንስ አንድ ቀን ተጽፎበት ካገኘሁ ግማሹ ሥራ አልቋል።